የኋላው ቀኝ እግር

ደብዳቤውን ያመጣልኝ ሾፌሩ ነው። ከምሳ በፊት ባለው የግርግር ሰዓት ወደ ፋርማሲው ገብቶ እንደማንኛውም ሰው ወረፋ ያዘ። ተራው ሲደርስ የሐኪም ማዘዣ የሚያወጣ ይመስል እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደና አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ባንኮኒው ላይ አኖረ።

«ምን ልስጥህ?» አልኩት።

«ምንም። አንብቢው ብቻ፣ እህቴ። ከየት አገኘሽው ቢሉሽ ነፋስ አመጣው በዪ።»

ከኋላው የቆሙትን ይቅርታ እየጠየቀ ወጣ። በሥራ ቦታው «ቀስ በል» ነው የሚሉት። መኪና ሲነዳ ኤሊ ጡሩምባ ነፍታ ታልፈዋለች ይባላል። ባለቤቴም፣ «ከቀስ በል ጋር ለጥገና ስንወጣ፣ እኛ እስክንደርስ መብራቱ ሰልችቶት ራሱ ይመጣል» እያለ ያሥቀኝ ነበር። የዚያን ቀን ግን ቀስ በል መንገዱን እየሮጠ ሲሻገር በመስኮቱ አየሁት።

ባለቤቴ የመብራት መሥሪያ ቤት የመስመር ሠራተኛ ነበር። ከሞተ ሁለት ዓመት ከአራት ወር አልፎታል። የሞተው ባለ ቅርጫቱ መኪና ተገልብጦ ነው። እነዚህ መኪኖች በጀርባቸው ረጅም የሚታጠፍ ክንድ፣ በክንዱ ጫፍ ደግሞ ሰው ቆሞ የሚሠራበት ቅርጫት አላቸው። ክንዱ ወደ ጎን ሲዘረጋ ክብደቱ መኪናውን እንዳይጥለው አራት የብረት እግሮች ከግራና ከቀኝ ወጥተው መሬት ይረግጣሉ። የዚያን ቀን የኋላው ቀኝ እግር አልረገጠም፤ ወይም ረግጦ አልቆየም። ልዩነቱ ለሌላ ሰው ትንሽ ነው። በእኛ ቤት ግን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሙሉ ከዚህ ሌላ ወሬ አልነበረም።

የጥሪ ደብዳቤ ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም። በዓመት ሦስት አራት ጊዜ፣ «ይህ ቁጥር ያለው መድኃኒት ጉድለት ስለተገኘበት ከመደርደሪያ ይነሣ» የሚል ወረቀት ይደርሰናል። ቁጥሩን ይዤ ወደ ዕቃ ክፍሉ እገባለሁ፤ ካርቶን በካርቶን እፈትሻለሁ። ይህንንም እንደዚያው አነበብኩት፤ መጀመሪያ ቁጥሩን፣ ቀጥሎ ጉድለቱን። የመኪናው አምራች በሦስት ዓመት ውስጥ የሠራቸውን ባለ ቅርጫት መኪኖች በሙሉ ለምርመራና ለነጻ ጥገና እየጠራ ነበር። የድጋፍ እግሮቹ ቢቆለፉም እንኳ ክብደት ሲበዛባቸው ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ ሊገቡ፣ መኪናውም ሊገለበጥ ይችላል ይላል። ቢቆለፉም እንኳ። ወረቀቱን አጥፌ በጋዋኔ ኪስ ከተትኩና ቀጣዩን ሰው «ምን ልርዳዎት?» አልኩ። ለአንዲት እናት የልጇን ሽሮፕ በቀን ስንት ማንኪያ እንደምትሰጥ ነገርኳት። ሁለት ጊዜ ነው የነገርኳት፤ የመጀመሪያውን በትክክል መናገሬን እርግጠኛ አልነበርኩም።

አማቴ ከባለቤቴ ሞት ወዲህ ከእኔ ጋር ነበር የሚኖሩት። ሠላሳ አንድ ዓመት በታይፒስትነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ወረቀትን እንደ ሰው ያከብራሉ፤ እንደ ሰውም ይቀየሙታል። የአጣሪ ኮሚቴው ሪፖርት የደረሰን ቀን መነጽራቸውን አድርገው ሁለቱንም ገጽ ካነበቡ በኋላ ጣታቸውን አንድ ዐረፍተ ነገር ላይ አሳረፉ። «አደጋው የደረሰው ሟች የኋላውን ቀኝ ድጋፍ እግር መቆለፊያ ሳይዘጋ ወደ ላይ በመውጣቱ፣ በራሱ ቸልተኝነት ነው።» በመሥሪያ ቤቱ ልማድ እግሮቹን የሚቆልፈው ወደ ቅርጫቱ የሚወጣው ሰው ራሱ ነው፤ ሕይወቱን ለሌላ ሰው እጅ አይተውም። ስለዚህ ጥፋቱን የሚጋራው ሰው አልነበረም።

«ልጄ ቸልተኛ?» አሉ አማቴ። «በር ቆልፎ መቆለፉን ለማየት የሚመለስ ልጅ?»

ሌላው ሰው ለሞቱ ሲያለቅስ እሳቸው ከዐረፍተ ነገሩ ጋር ተጣሉ። ሦስት አቤቱታ ጻፉ። መልስ አልመጣም። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፣ ልጄ» ይሉኛል፤ «እኔ ግን ወረቀት ሲያስለቅቁት አይቻለሁ። በወረቀት ነው የሚያስለቅቁት።» እኔ አቤቱታ አልጻፍኩም። ሥራዬን ሠራሁ። ሰዎች ጠንካራ ናት አሉ። ጥንካሬ አልነበረም፤ እንደዚያ ብለው ቢተዉኝ ስለሚሻለኝ ግን አላረምኳቸውም።

የዚያን ዕለት ከሥራ ስመለስ የጥሪውን ደብዳቤ ሰጠኋቸው። እንደ ልማዳቸው ከሁሉ በፊት ቀኑን አዩ፤ ከዚያ ማኅተሙን፤ ከዚያ ፊርማውን። ይዘቱን ሦስት ጊዜ አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው ሲጠርጉ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር።

«ቢቆለፉም እንኳ ይላል።»

«አዎ፣ እማማ።»

«እንግዲህ ያንን ዐረፍተ ነገር ያነሡታል።» ትንሽ አሰቡና ጨመሩ፤ «መሰረዝ አይበቃም። ሰርዘው ከላዩ ሲጽፉ የታችኛው ይታያል። ገጹ እንደገና ይጻፍ በያቸው። ገጹ በሙሉ።»

በሁለተኛው ቀን ፈቃድ ጠይቄ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። የሥራ ደኅንነት ኃላፊው ወጣት መሐንዲስ ነው፤ ወደ ቦታው የመጣው ከአደጋው በኋላ ስለሆነ ከእኔ የሚደብቀው ነገር አልነበረውም። የራሱን ወንበር ለቆልኝ እሱ በፕላስቲኩ ወንበር ተቀመጠ። ደብዳቤውን ከየት እንዳገኘሁት አልጠየቀኝም።

«ወይዘሮ፣ ከእነዚህ መኪኖች አሥራ ሁለት ነበሩን» አለኝ። «የባለቤትዎ መኪና ተቆራርጦ ተጥሏል፤ በእሱ ላይ ምርመራ ማድረግ አይቻልም። አሥራ አንዱ እየሠሩ ናቸው። ረቡዕና ሐሙስ ከአምራቹ የተላኩ ሁለት ባለሙያዎች ይፈትሿቸዋል። የአንዱ እግር እንኳ ክብደት ሲጫነው ወደ ውስጥ ሲሰምጥ ከተገኘ፣ ሪፖርቱ እንደገና እንዲጻፍ እኔ ራሴ አቀርባለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ።»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ተመልሼ ሄድኩ። አማቴ እቤት አዲሱን አቤቱታ በንጹሕ ወረቀት እየገለበጡ ነበር።

ኃላፊው ከመቀመጫው ተነሣና እንደገና ተቀመጠ። «አሥራ አንዱም ደኅና ናቸው» አለ። «ግማሽ ሰዓት ክብደት ጭነንባቸው አንድ ሚሊ ሜትር አልሰመጡም። ባለሙያዎቹ ራሳቸው ገርሟቸዋል። በሌላው ቦታ ከሁለት አንዱ ይሰምጣል አሉ።»

ምን እንዳልኩት አላስታውስም። ውኃ ሰጠኝ።

«አንድ መንገድ አለ» አለኝ። «የአምራቹ ደብዳቤ በእጃችን ነው። በዚያ ላይ መቆለፊያው መዘጋቱን ያየ አንድ የዓይን ምስክር ከተገኘ ኮሚቴው ዐረፍተ ነገሩን ይለውጠዋል። ከታች የነበረው ሾፌሩ ነው። ያን ጊዜ አላየሁም ብሏል፤ ሰው ግን ሲደነግጥ ያየውንም ይረሳል። ሰኞ ለአምራቹ መልስ እንልካለን። መልሱ ሳይላክ ቢመጣ ጥሩ ነው።»

ዓርብ በምሳ ሰዓት ወደ መኪኖቹ ማቆሚያ ሄድኩ። ቢጫ መኪኖቹ ክንዳቸውን አጥፈው በተርታ ቆመዋል። ሠራተኞቹ በአንዱ ጥላ ሥር ተቀምጠው ይሣሣቁ ነበር።

«ቀስ በል፣ እንግዳ መጥታልሃለች» አለ አንዱ። «ዛሬ እንኳ ሦስተኛ ማርሽ አስገባ።»

ሌላው በክርኑ ጎሸመው። ማን እንደሆንኩ አውቆኛል። ሣቁ ቆመ፤ አንድ በአንድ ተነሥተው እጅ ነሡኝና ሄዱ። ቀስ በል ከሻይ ብርጭቆው ጋር ብቻውን ቀረ።

ልለምነው ቃላት አዘጋጅቼ ነበር። ነገሩን ሳልጨርስለት፣ «እፈርማለሁ» አለኝ። «ሲቆልፍ በዓይኔ አይቻለሁ ብዬ ሰኞ ጠዋት እፈርማለሁ።»

የተዘጋ መስሎት በሙሉ ኃይሉ ክፍት በር እንደገፋ ሰው ሆንኩ።

«አይተሃል?»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አላየሁም አልክ?»

ሻዩን ተጎነጨ። ማመስገንና መሄድ እችል ነበር። የመጣሁበት ነገር ተፈጽሞልኛል። ነገር ግን ለአሥራ አምስት ዓመት ቁጥር ከቁጥር ሳመሳክር የኖርኩ ሰው ነኝ።

«አሥራ አንዱ ለምን ደኅና ሆኑ?» አልኩት። «ሌላው ጋ ከሁለት አንዱ ይሰምጣል። እናንተ ጋ አንድም የለም። በመድኃኒት ላይ እንዲህ ዓይነት ነገር ካየሁ፣ ካርቶኑን ሰው ነክቶታል ነው የምለው።»

ረጅም ጊዜ አየኝ። «ከመላ ጋር የኖረ ሰው እንዴት ይሸወዳል» አለ። መላ ባለቤቴ ነው፤ ለማንኛውም ብልሽት መላ አያጣም ብለው ያወጡለት ስም ነው። ብርጭቆውን መሬት ላይ አኑሮ ተነሣ። «ነይ።»

ከቅርቡ መኪና ኋላ ወስዶኝ ቁጢጥ አለ። እግሩ ሁለት የብረት ሳጥን ነው፤ ትንሹ ከትልቁ ውስጥ እየተንሸራተተ ይወጣል። በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት እንደ ምላስ ወደ ውስጥ የገባ ቀጭን ብረት አሳየኝ። እንደ መኪናው ቢጫ ተቀብቷል።

«ይኼ ከፋብሪካ አልመጣም» አለኝ። «ሽብልቅ ነው። ባለሙያዎቹ አብሮ የመጣ መስሏቸው አለፉት። ይህ እስካለ ድረስ እግሩ አይሰምጥም።»

ከዚያ ነገረኝ። ቀና ሳይል፣ ለእግሩ የሚያወራ ይመስል ነበር።

«እግሮቹ እንደሚሰምጡ ካወቅን አራት ዓመት ሞልቶናል። መዝገብ ላይ ብልሽት ብለሽ ከጻፍሽ መኪናው ጋራዥ ይገባል። ጋራዥ የገባ መኪና ደግሞ አይወጣም። ዛሬ ፓምፑን፣ ነገ ጎማውን ለሌላው እያዋሱ አጥንቱን ያስቀሩታል። መኪና የሌለው ቡድን በመሰላል ነው የሚወጣው፤ በመሰላል ስንወጣ ሁለት ሰው ቀብረናል። ስለዚህ መዝገቡ ላይ ሁልጊዜ 'ደኅና' ነው የምንለው። መኪናው ቢቃጠል እንኳ ፈርመን 'ደኅና' ሳንል አናድርም። መላ አየ፣ አየና አንድ ቀን ሽብልቅ ጠርቦ መጣ። ጠንካራ እንጨት ነው። በመዶሻ አስገባው፤ እግሩ ቀጥ አለ። በሳምንቱ ለሁሉም ጠረበላቸው። በኋላ እንጨቱ በዝናብ ይለዝባል ብሎ በብረት እንለውጠው አለ። ተራ በተራ አስበየደ። የራሱን መኪና የመጨረሻ አደረገው።»

«ለምን?»

«እንደዚያ ነዋ እሱ። 'የእኔ ዓርብ ይበየዳል' አለ። የወደቀው ረቡዕ ነው።»

ከሩቅ ሠራተኞቹ ያዩን ነበር። ቀስ በል ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እንጨቱን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ለሁለት ተሰንጥቆ ነበር። ሰው ሳይደርስ ኪሴ ከተትኩት። ከዚያ ተማከርን። ሽብልቁ ከታወቀ ሁላችንም እንባረራለን፤ 'ደኅና' ብለን የፈረምነው እኛ ነን። መቆለፉን አላየሁም በል አሉኝ። የሞተ ሰው ከሥራ አይባረርም ተባባልን።»

ብዙ ነገር ማለት እችል ነበር። ሁለት ዓመት አማቴን ያሰቃየው ዐረፍተ ነገር ከዚህ ሰው አፍ ነው የወጣው። ነገር ግን በዚያች ሰዓት የማስበው ስለ እሱ አልነበረም። እሑድ እሑድ ባለቤቴ ከጓሮ ተቀምጦ እንጨት ይጠርብ የነበረበትን ወራት አስታወስኩ። ምንድን ነው ብዬው ነበር። «ለመኪናችን ጫማ ነው» አለኝ። ሣቅኩለት። ፍቅፋቂውን የጠረግኩት እኔ ነኝ። ማታ ማታ ስለ ቀስ በል አነዳድ ያወራኛል፤ ስለ ፎርማኑ ኩርፊያ ያወራኛል፤ የሚቆምበት ነገር በአንድ ቁራጭ እንጨት እንደተያዘ ግን አንድ ቀን አልነገረኝም። ሁለት ዓመት ከአራት ወር መቆለፉን አልረሳም እያልን ስንሟገት ነበር። አልረሳም። ያውቅ ነበር።

«ሰኞ ልፈርምልሽ?» አለኝ። «ስሙ ይጠራል። እናቱም እፎይ ይላሉ። ብረቶቹ እንደሆኑ ይዘዋል።»

«ሁሉም ይዘዋል?»

አንገቱን አከከ። «ባለፈው ክረምት የሁለቱ ወልቆ ነበር። ቅርጫቱ ዝቅ ብሎ ስለነበረ ሰው አልተጎዳም። መልሰን በየድነው።»

«መዝገቡ ላይስ ምን አላችሁ?»

«'ደኅና።'»

ቅዳሜ ጠዋት ለአማቴ ነገርኳቸው። የገለበጡት አቤቱታ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ሕዳጉ እኩል፣ ፊደሉ እንደ ታተመ። የሾፌሩን ፈቃደኝነት ስነግራቸው እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። ሽብልቁ ላይ ስደርስ እጃቸው ቀስ ብሎ ወረደ።

«ሾፌሩ ይፈርምና ይብቃ» አሉ። «የቀረው ሆድ ይፍጀው።»

«ከፈረመ አሥራ አንዱ መኪኖች ደኅና ተብለው ይቀራሉ፣ እማማ። የአምራቹ ሰዎችም አይመለሱም።»

«ስሙን አታንሺ እንግዲያው። 'ባልታወቀ ሠራተኛ' በዪ። በሥራ ዘመኔ ሺ ጊዜ ጽፌዋለሁ።»

«ማን ነው ብለው ይጠይቃሉ። ሁሉም እሱን ነው የሚጠቁሙት። እሱ አይባረርም።»

«ስለዚህ አንቺ ቀድመሽ ትጠቁሚያለሽ።»

አቤቱታቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡ።

«ሁለት ዓመት ቸልተኛ ሲባል ኖረ። አሁን ደግሞ አጥፊ ሊባል ነው፤ ያውም ከገዛ ሚስቱ አፍ።»

«በየመኪናው ላይ ሰው ይወጣል፣ እማማ። ዛሬም ወጥተዋል።»

«እናት አላቸው?»

«ይኖራቸዋል።»

«እኔም እናት ነኝ» አሉ።

የባለቤቴ እኅት እሑድ መጥታ ወሰደቻቸው። «ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው» አሉኝ፣ ዓይኔን ሳያዩ። መነጽራቸውን፣ ሁለት ቀሚስና የአቤቱታውን ፋይል ያዙ። በር ድረስ ተከትዬ ቦርሳቸውን ልሸከም ስል፣ «ይቅር፣ ከባድ አይደለም» አሉ። ቀኑን ሙሉ ምንም አልሠራሁም። ወደ ኃላፊው እንዳልሄድ የሚያደርገኝ ምክንያት ስፈልግ ዋልኩ፤ ብዙ አገኘሁ። ከሁሉም የሚከብደው ግን ይህ ነበር፤ እሱ በሕይወት ኖሮ ብጠይቀው፣ ዝም በዪ ይለኝ እንደነበር አውቃለሁ። ጓደኞቹን አሳልፎ አይሰጥም። መሰላል ላይም መልሶ አያወጣቸውም። አንድ የተሻለ ሽብልቅ አበጅቶ ሌላ አራት ዓመት ያኖራቸው ነበር። የማከብረውን ሰው የምቃወመው ሊመልስልኝ በማይችልበት ጊዜ ነበር።

ሰኞ ለኃላፊው ሁሉንም ነገርኩት። ማን እንደጠረበውና ማን እንዳስበየደው ሲጠይቀኝ የባለቤቴን ሙሉ ስም ተናገርኩ። ብዕሩን አቁሞ አየኝና፣ «እርግጠኛ ነዎት?» አለኝ። ስለ ሽብልቁ ይሁን ስለ ስሙ አልገለጸም። እርግጠኛ ነኝ አልኩት።

ቀስ በል ከበሩ ውጭ ቆሞ ነበር። አትፈርም ብዬ እሑድ ደውዬለታለሁ፤ የምሄድበትንም ነግሬዋለሁ። ገብቶ ከጃኬቱ ኪስ በጨርቅ የተጠቀለለውን ስንጥቅ እንጨት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ይህን ሁሉ ጊዜ የት አስቀመጥከው?» አለው ኃላፊው።

«ከመቀመጫዬ ሥር። ለዚያ ነው ቀስ እያልኩ የምነዳው» አለ። ቀልድ ሊያስመስለው ፈልጎ ነበር።

ብረቶቹን ነቅለው እንደገና ሲፈትሹ ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ ሰመጡ። አንደኛው ክብደቱ በተጫነበት በሰባተኛው ደቂቃ ወደ ጎን እንዳዘመመ ኃላፊው በስልክ ነገረኝ። መኪኖቹ በሙሉ ቆሙ። መለዋወጫው እስኪመጣ ወራት ይፈጃል ተባለ። ቀስ በል ከሥራ ታገደ። ሌሎቹ ማስጠንቀቂያ ተጽፎባቸው ወደ መሰላል ተመለሱ። በሰፈሩ መብራት ሲጠፋ እንደ ድሮው ቶሎ አይመጣም። ባንኮኒዬ ፊት ቆመው የሚያማርሩ ሰዎች፣ «እነዚህ ሰነፎች መኪናቸውን ደርድረው ተኝተዋል» ይላሉ። በመስኮት ብርሃን መድኃኒት እየቆጠርኩ እሰማለሁ። አንድ ቀን ከፋርማሲው ፊት ለፊት ሠራተኞቹ መሰላል አቁመው ሲወጡ አየሁ። ሦስት ሰው ከሥር ይዞታል። አንደኛው ያየኝ ይመስለኛል። ሰላም አላለኝም።

አዲሱ ሪፖርት ከሁለት ወር በኋላ መጣ። ገጹ በሙሉ እንደገና ተጽፏል፤ በዚህ በኩል አማቴ ያሉት ሆኗል። ቸልተኝነት የሚለው ቃል የለም። በቦታው፣ «አደጋው የደረሰው የፋብሪካ ጉድለት በነበረበት ድጋፍ እግር ላይ ሟች ያለ ፈቃድ ያበጀው ሽብልቅ በመሰበሩ ነው፤ ሟች ጉድለቱን አስቀድሞ ያውቅ ነበር» ይላል። ልሰርዝ የምችለው አንድ ፊደል ፈለግኩ። ሁሉም እውነት ነው።

ወረቀቱን ይዤ ወደ ባለቤቴ እኅት ቤት ሄድኩ። ሁለት ወር ሙሉ ስደውል ስልኩን የምታነሣው እሷ ናት፤ እማማ ተኝተዋል ትለኛለች። የዚያን ቀን በሩን ከፈተችልኝና ሳትናገር ወደ ውስጥ አመለከተችኝ። አማቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ከስተዋል። ጉልበታቸውን ስሜ ወረቀቱን ሰጠኋቸውና እንደ እንግዳ ከወንበሩ ጫፍ ተቀመጥኩ።

ቀኑን አዩ። ማኅተሙን አዩ። ፊርማውን አዩ። ከዚያ ማንበብ ጀመሩ፤ ጣታቸው ከመስመር ወደ መስመር ቀስ እያለ ይወርድ ነበር።

«በደንብ ተጽፏል» አሉ ሲጨርሱ። «ስሕተት የለውም።»

ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን አዩ።

«የቆሙት ሁሉም ናቸው?»

«ሁሉም ናቸው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ጣታቸው ከመጨረሻው መስመር ላይ አልተነሣም። «አስቀድሞ ያውቅ ነበር» ብለው ድምፃቸውን አውጥተው አነበቡ። «ረቡዕ ጠዋትም ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር፣ እማማ።»

«ያን ጠዋት ወደ ቤቴ ጎራ ሲል የቁም ሣጥኔ በር ወልቆ ነበር። 'እማዬ፣ ማታ እጠግንልሻለሁ፣ እንዳትነኪው' ብሎኝ ነው የወጣው።» ወደ መስኮቱ ዞሩ። «እንዳልነኩት አለ። አንቺንስ ምን አለሽ?»

ሁለት ዓመት ከስድስት ወር ሙሉ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

«'ቁልፍ አልያዝኩም፤ ማታ ቀድመሽኝ ግቢ' ነው ያለኝ» አልኳቸው።

አማቴ ወረቀቱን አላጠፉትም። ክፍቱን በጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«ቀድመሽ ገባሽ?» አሉኝ።

«ገባሁ» አልኩ።